ከሱፍ የተሠራ መጫወቻ

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም



ጀመዓችን በየዓመቱ ለዒድ አል-ፊጥር ለየቲም ልጆች የሚያዘጋጀውን የስጦታ ሳጥን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ሳሙና፣ ቴምር፣ ከረሜላ፣ ገንዘቡ ከበቃም ልብስ ይገባበታል። ዘንድሮ ረመዷን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በተደረገው ሹራ ላይ አንዲት እህት ዝርዝሩ ውስጥ አንድ ቃል ጨመረች፤ «መጫወቻ»።

ክርክሩ የተነሳው ከዚያ ነው። አንዳንድ ወንድሞች «ደብተር ያነሰው ልጅ መጫወቻ ምን ያደርግለታል?» አሉ። ሌሎች ደግሞ ሒሳቡን አነሱ። ከተማ ወርደን ዋጋ ስንጠይቅ ለ40 ልጆች አንዳንድ የፕላስቲክ መኪና ወይም አሻንጉሊት ለመግዛት የሚያስፈልገው ብር ለልብሱ ከያዝነው ይበልጥ ነበር። ተማሪ ነን፤ የምናዋጣው ቤተሰብ ለሳሙናና ለፎቶ ኮፒ ብሎ ከሚልክልን ላይ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የስስት አልነበረም። እጅ ሲያጥር ከየትኛው ይጀመራል የሚል ነበር።

እኔ በልጅነቴ ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት መድረሳ እየሄድኩ ነው ያደግኩት። መድረሳ ውስጥ ኡስታዛችን ስለ ዐሹራእ ፆም ሲያስተምሩን የነገሩን አንድ ሐዲስ በሹራው መሐል ትዝ አለኝ። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው፤ ያስተላለፉት ሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝ (ረ.ዐ.) ናቸው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዐሹራእ ጠዋት ወደ አንሷር መንደሮች መልእክተኛ ልከው ሕዝቡ እንዲፆም አዘዙ። ሶሐባዎቹም ራሳቸው ፆሙ፣ ልጆቻቸውንም አስፆሙ። ልጅ ደግሞ ሲርበው ያለቅሳል። እናቶቹ ምን አደረጉ? ከሱፍ መጫወቻ ሠሩላቸው። ልጁ ምግብ ብሎ ሲያለቅስ መጫወቻውን ይሰጡታል፣ እስከ ኢፍጣር ድረስ በእሱ ይቆያል።

ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ የምናነሳው ልጆችን ፆም ስለማለማመድ ስንነጋገር ነው። እኔን ግን ሱፉ ያስደንቀኛል። እነዚያ እናቶች መጫወቻውን በእጃቸው ሠሩ።  የልጁን ልቅሶም «ዝም በል» ብለው አላለፉትም፤ መልስ የሚገባው ነገር አድርገው ቆጠሩት። የአዒሻ (ረ.ዐ.) ታሪክም ከዚህ ጋር ይሄዳል። አቡ ዳዉድ እንደዘገቡት ከአሻንጉሊቶቿ መሐል ከጨርቅ የተሠራ ክንፍ ያለው ፈረስ ነበራት። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፈረስ ክንፍ አለው ወይ ብለው ሲጠይቋት፣ የሱለይማን (ዐ.ሰ.) ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙም ወይ ብላ መለሰችላቸው። እሳቸውም የመንጋጋ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። ጦር የሚመሩ፣ ኡማ የሚያስተዳድሩ ነብይ ለአንድ የጨርቅ ፈረስ ጊዜ ነበራቸው። እሳቸው ራሳቸውም አባታቸውን ሳይወለዱ፣ እናታቸውን በ6 ዓመታቸው ያጡ የቲም እንደነበሩ አንርሳ።

ይህን ስናነሳ ሹራው ላይ የነበረው ሐሳብ ወደ «እንሥራ» አዘነበለ። ያኔ ግን ሌላ፣ ከበፊቱ የከበደ ጥያቄ መጣ።

አንድ የሦስተኛ ዓመት ወንድማችን እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ይሰማ ነበር። አባቱ የሞቱት እሱ አራት ዓመት ሳይሞላው ነው። «እኔ ሳጥን ተቀባይ ነበርኩ» ብሎ ጀመረ። «ደብተሩንም ጨርሼዋለሁ፣ ሳሙናውም አልቋል። የማልረሳው አንድ መኪና ነው። አንዱ ጎማ የለውም፤ ሆዱ ላይ የሌላ ልጅ ስም በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ለእኔ የሚደርሰኝ ሌላው የሰለቸው እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። መጫወቻ ስጡ፤ የተጣለ ግን አትስጡ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። እኛ ልንሠራ ያሰብነው ከሃይላንድ፣ ከእንቁላል ካርቶን፣ ከአሮጌ ካልሲና ከልብስ ሰፊ ቤት ቁርጥራጭ ነበር። እነዚህ ሁሉ የተጣሉ ናቸው። አላህም (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ፣ እኛ ራሳችን ዓይናችንን ካልጨፈንን በቀር የማንቀበለውን መጥፎውን እየመረጥን እንዳንሰጥ አስጠንቅቆናል። ታዲያ ቆሻሻ ሰብስበን «ሰደቃ» ልንለው ነው?

ብዙ ከተነጋገርን በኋላ የደረስንበት ይህ ነው። የተጣለ ዕቃና ጥሬ ዕቃ ይለያያሉ። ጎማው የወለቀ መኪና መኪና ሆኖ ያለቀ ነው፤ የሚሰጠው ሰው ምንም አልደከመበትም፤ ከቤቱ ማስወጣት ነው የፈለገው። ካልሲ ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ ተሞልቶ፣ ተሰፍቶ ኳስ ሲሆን ግን አዲስ ነገር ነው፤ የአንድ ሰው ሁለት ሰዓት ገብቶበታል። የአዒሻ ፈረስ ክንፍም ከቁራጭ ጨርቅ ነበር። ስለዚህ አንድ መስፈርት አወጣን። ማንኛውም መጫወቻ ሳጥን ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሠራው ሰው «ይህን ለገዛ ታናሽ ወንድሜ ወይም እህቴ በዒድ ቀን እሰጠዋለሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ያመነታበት ወደ ጎን ይቀመጥ። ያን ሳጥን የሚቀበል ልጅ ሆኖ ያደገው ወንድማችን ደግሞ የመጨረሻው መርማሪ እንዲሆን ለመንነው፤ እሺ አለ።

በረመዷን ቅዳሜና እሑድ ከዐስር እስከ መግሪብ ሠራን። ሌሎች ጀመዓዎችም መሥራት ቢፈልጉ ይጠቅማቸዋልና አሠራሩን ልንገራችሁ።

ኳስ፦ ሁላችንም ሰፈር ውስጥ የተጫወትንበት የጨርቅ ኳስ ነው። ፌስታሎች ጨምድዶ በሲባጎ አጥብቆ ማሰር፣ በላዩ ቁራጭ ጨርቅ መጠቅለል፣ ከዚያ ካልሲ ውስጥ ማስገባት። ካልሲውን አጥብቆ ጠምዝዞ በራሱ ላይ መገልበጥ፤ ይህን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሞ ጫፉን በመርፌ መስፋት። መሐሉ ያለው ፌስታል አየር ስለሚይዝ ኳሱ ትንሽ ይነጥራል። ጨርቅ ብቻ ከሆነ መሬት ላይ ዝፍ ይላል።

መኪና፦ ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ፣ አራት ክዳን፣ ሁለት ቀጭን የእንጨት ዘንግ፣ ሁለት ያለቀ እስክሪብቶ ቀፎ። ጠርሙሱን አትቁረጡት፤ የተቆረጠ ፕላስቲክ ጠርዙ እጅ ይቆርጣል። ቀፎዎቹን ከሥሩ በፕላስተር አጥብቆ ማሰር ይበቃል። ዘንጉ ቀፎው ውስጥ በነፃነት ይዞራል፤ ክዳኑ ግን ከዘንጉ ጋር ተጣብቆ አብሮት ይዞራል። ጋራዥ ውስጥ ኩሽኔታ የሚሠራውን ሥራ እዚህ የሚሠራው ቀፎው ነው። ዋናው ጥንቃቄ የክዳኑ ቀዳዳ ትክክል መሐሉ ላይ እንዲሆን ነው፤ ትንሽ ከሳተ መኪናው እያነከሰ ይሄዳል። ክዳኑን ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ዙሪያውን ሳሉ፣ ክቡን ቆርጣችሁ ሁለት ጊዜ እጠፉት፤ እጥፋቶቹ የሚገናኙበት መሐሉ ነው። በጋለ ሚስማር ይበሳል።

ገበጣ፦ የእንቁላል ካርቶን 30 ጉድጓድ አለው፤ 5 ረድፍ በ6። ሦስቱን ረድፍ ከሁለቱ ስትለዩ አንድ ባለ 18 እና አንድ ባለ 12 ጉድጓድ ገበጣ ይወጣል፤ የሚባክን የለም። ለባለ 18ቱ ሦስት ሦስት ሲደረግ 54 ጠጠር፣ ለባለ 12ቱ አራት አራት ሲደረግ 48 ጠጠር ያስፈልጋል። እንቁላል የፈሰሰበትን ካርቶን አልወሰድንም፤ የቀረውን ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አስጥተን ቀለም ቀባነው። አንድ ወንድም በጠጠር ፈንታ ባቄላ እናድርግ ሲል እህቶች «ምግብ መጫወቻ አይሆንም» ብለው መለሱት፤ ልክ ነበሩ። ስለ ገበጣ የጠየቁም ነበሩ። ዳይ የለበትም፣ ውርርድ የለበትም፤ ቆጠራና ስሌት ነው።

አሻንጉሊት፦ እህቶች ከልብስ ሰፊዎች በለመኑት ቁርጥራጭ ሰፉ። እዚህ ላይ ሌላ ውይይት ነበር። ብዙ ዑለማዎች የአዒሻን ሐዲስ መሠረት አድርገው የልጆችን አሻንጉሊት ከቅርጽ ክልከላ ለይተው ፈቅደዋል፤ ጥንቃቄን የመረጡም አሉ። እኛ ፊቱ ላይ ዓይንና አፍ ሳንሰፋ ተውነው። ይህን ያደረግነው የሌላውን አቋም ለመንቀፍ አይደለም፤ ሳጥኑ የሚገባበት ቤት ሁሉ ልቡ ሳይከብደው እንዲቀበለው ነው። አዝራር አለመስፋታችን ደግሞ ሌላ ጥቅም ነበረው፤ ወደ እሱ ልምጣ።

ትንሽ ልጅ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ለዚህ ቀላል መመርመሪያ አለ። ሶፍት የሚጠቀለልበትን የካርቶን ቱቦ ውሰዱ። በቱቦው ውስጥ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል። ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሊንደር ነው፤ የሶፍቱ ቱቦ ከዚያ ስለሚሰፋ ይበልጥ ጥብቅ ነው። የሃይላንድ ክዳን በቱቦው ያልፋል። ጠጠርማ ግልጽ ነው። ስለዚህ ለትንንሾቹ ኳስና አዝራር የሌለው አሻንጉሊት ብቻ፣ ለትልልቆቹ መኪናና ገበጣ እንዲደርስ ሳጥኖቹን በዕድሜ ለየን። እያንዳንዱን መኪና ከጠረጴዛ ከፍታ አሥር አሥር ጊዜ ጣልነው። ጎማው የወለቀ እንደገና ተሠራ። መርማሪያችን ሩኅሩኅ አልነበረም፤ አላህ ይስጠው፤ ከሠራነው ሩብ ያህሉን መለሰብን።

ሲባጎ፣ ማጣበቂያ፣ ክር፣ ፕላስተርና ቀለም ለመግዛት ያወጣነው ለአንድ ሳጥን ሲካፈል ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ አይበልጥም። የልብሱ ገንዘብ አልተነካም፤ ደብተሩም አልቀነሰም።

ሳጥኖቹን ያደረስነው በዒድ ዋዜማ ነው። አንድ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ መኪናውን አውጥቶ ገለበጠው፤ ቀፎውን አየ፤ ዘንጉን አዞረ፤ ከዚያ ጮክ ብሎ «ይሄንንማ እኔም እሠራዋለሁ!» አለ። አንዱ ወንድም «አናንቆብን ነው» ብሎ ቅር አለው። መርማሪያችን ግን ሳቀ። «የሱቅ መኪና ሲሰበር ጨዋታው አለቀ ማለት ነው» አለ። «የዚህ መኪና ጎማ ሲጠፋ ልጁ መንገድ ላይ ክዳን ያነሳል። መኪናውን ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም ነው የሰጠነው።» ከሁለት ሳምንት በኋላ ለዚያራ ስንሄድ የልጁ መኪና ሦስት ሰማያዊና አንድ ቀይ ጎማ ነበራት። ቀዩን እኛ አላደረግነውም።

በመጨረሻ የፎቶውን ነገር ላንሳ፤ ቅር ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁና። በቴሌግራም ቻናላችን የለጠፍነው የሳጥኖቹን ፎቶ ብቻ ነው፤ ልጆቹ የሉበትም። አዋጪዎች ገንዘባቸው የት እንደደረሰ ማየት መብታቸው ነው፤ ደረሰኝና የሳጥን ቁጥር ያን ያሳያል። የልጁ ፊት ግን የእኛ ደረሰኝ አይደለም። ዛሬ ሳጥን ይዞ የተነሳው ፎቶ ነገ የክፍል ጓደኞቹ ስልክ ላይ ይደርሳል። ሰደቃን መመጻደቅና ማስከፋት ያበላሸዋል ተብለናል፤ ማስከፋት ሁልጊዜ በቃል ብቻ አይደለም። ሹራው ይህን ለሁልጊዜ ደንብ እንዲያደርገው በዚህ አጋጣሚ እጠይቃለሁ።

ለዒድ አል-አድሐ ደግሞ ኢንሻ አላህ እንቀጥላለን። ከካፌ የእንቁላል ካርቶን፣ ያለቀ እስክሪብቶ፣ የታጠበ ካልሲ፣ የሃይላንድ ክዳን አትጣሉ፤ መስጂድ በር ላይ ባለው ካርቶን ውስጥ አስቀምጡልን። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገን ግን እጃችሁ ነው። መርፌ መያዝ የማይችል ሲባጎ ይቋጥራል፤ ሲባጎ መቋጠር የማይችል መኪና ከጠረጴዛ ላይ ይጥላል። ኒያችሁን አሳምራችሁ ቅዳሜ ከዐስር በኋላ ኑ።

አላህ ሥራችንን ለእርሱ ብቻ ያድርግልን፤ የየቲሞችን ልብ የምናስደስት እንጂ የምንሰብር አያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።