የመድረክ መግቢያ ግጥምና የዕለት ቅኔ

በቀድሞው የእንግሊዝ አገር ቴአትር ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት መለከት ሦስት ጊዜ ይነፋ ነበር። ከሦስተኛው መለከት በኋላ ጥቁር ካባ የለበሰ አንድ ሰው ብቻውን ወደ መድረኩ ይወጣና ለሕዝቡ እጅ ነሥቶ ግጥም ይናገራል። ግጥሙም ጸጥታን የሚለምን፣ የደራሲውን ጉድለት በትዕግሥት እንዲያልፉለት የሚማልድ፣ አንዳንድ ጊዜም የታሪኩን ፍሬ ነገር አስቀድሞ የሚገልጥ ነው። ጨዋታውም ሲፈጸም ከተጫዋቾቹ አንዱ ተመልሶ የስንብት ግጥም ይናገራል።

ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ የመለሱት የሼክስፒር «ሮሜዮና ዡልዬት» በእንግሊዝኛው 14 መስመር የሆነ መግቢያ አለው፤ በዚህም ሁለቱ ወጣቶች እንደሚሞቱ ገና ከመነሻው ይነገራል። መጨረሻው ከታወቀ ምን ለማየት ይቀመጧል የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን በዕለተ ስቅለት በሳሊተ ምሕረት ቅጥር ግቢ ሲሰግድ የሚውለውን ምእመን የተመለከተ ሰው ምስጢሩን ለመረዳት አይቸገርም። ሕማማቱ ሲነበብ ከሕፃናት በቀር ፍጻሜውን የማያውቅ የለም፤ እንባው ግን በየዓመቱ አዲስ ነው። ፍጻሜውን የሚያውቅ ሰው «ምን ይሆን» ማለቱን ትቶ «እንዴት ሆነ» ወደ ማለት ይሻገራል፤ የእንግሊዙም ባለቅኔ የፈለገው ይህንኑ ይመስላል።

«ማዕበል» በተባለው ድርሰቱ መጨረሻ ደግሞ ጠቢቡ ፕሮስፔሮ አስማቱን ትቶ ብቻውን ይቆማል፤ ከሕዝቡ የሚለምነውም ጭብጨባ ብቻ ሳይሆን ጸሎት ጭምር ነው። የብራና መጻሕፍትን ያገላበጠ ካህን ይህን ድምፅ ወዲያው ያውቀዋል፤ ጸሓፊው ብዕሩን ከማኖሩ በፊት ለጻፈውና ላጻፈው፣ ላነበበውና ለሰማው ምሕረትን ይለምናልና።

ሁሉም ግን እንዲህ በትሕትና የሚናገር አልነበረም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1669 ዓ.ም. ጆን ድራይደን ስለ ሰማዕቷ ቅድስት ካተሪና በጻፈው ተውኔት ውስጥ ሞታ የተጋደመችው ተጫዋች ኔል ግዊን፣ ሬሳዋን ሊያወጡ ሲነሡ ብድግ ብላ ተሸካሚውን ተቆጣችና የስንብቱን ግጥም በቀልድ ተናገረች። በሰማዕት ታሪክ ላይ እንዲህ ያለ ቀልድ መጨመር የሚያስመሰግን አይደለም፤ ሆኖም ግጥሞቹ ምን ያህል ይወደዱ እንደ ነበር ያሳያል። በዚያ ዘመን በነጠላ ወረቀት እየታተሙ እስከ መሸጥ ደርሰው ነበር።

ከዚያ አስቀድሞ የነበሩት ግን ብዙዎቹ ጠፍተዋል። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት የመግቢያው ግጥም ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ለመጀመሪያው ቀን ወይም በቤተ መንግሥት ለሚደረግ ጨዋታ ስለ ሆነ፣ ከድርሰቱ ተለይቶ በብጣሽ ወረቀት ይቀመጥ ነበር። ያ የሮሜዮና ዡልዬት መግቢያ እንኳ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1623 ዓ.ም. የሼክስፒር ድርሰቶች በአንድነት ሲታተሙ ሳይገባ ቀርቷል፤ ቀደም ብሎ በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ባይገኝ ኖሮ ዛሬ የሚያውቀው ባልኖረም።

በእኛ ዘንድ ይህን የሚመስለው ቅኔ ነው። ቅኔም ለዕለቱ ይቆጠራል፤ በዓሉን፣ የተሰበሰበውን ሕዝብ፣ አንዳንዴም የወቅቱን ጉዳይ ይነካል፤ አንድ ጊዜ የተዘረፈውን ደግሞ በሌላ በዓል ማቅረብ ለባለቅኔው ነውር ነው። የደብረ ኤልያሱ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ከቅኔ ቤት ወጥተው በአዲስ አበባ ለተማሪዎች ተውኔት በደረሱ ጊዜ ግጥምንና መዝሙርን ከጨዋታው ሳይለዩ ማቅረባቸው ከዚህ ትምህርት የተገኘ መሆኑ አያጠራጥርም።

ልዩነቱ በወረቀቱ ላይ ነው። እንግሊዞቹ የአንድ ቀኑን ግጥም በሳንቲም እየገዙ ወደ ቤታቸው ይወስዱት ነበር። በእኛ አገር ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. የቀደሙትንና የኋለኞቹን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው ባያሳትሙ ኖሮ ስንቱ በጉባኤ ቤት ይታወቅ ነበር? ዛሬም በየደብሩ በክብረ በዓል ሌሊት ባለቅኔው ቆሞ ሲዘርፍ ሊቃውንቱ እያደነቁ ይሰሙታል፤ ጎሕ ሲቀድ ግን ቃሉን ጽፎ የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም።