«አንቺ ልጅ፣ ገጀራውን አስቀምጪ!»

እናንተዬ፣ መስከረም ሲጠባ የሆነ ነገር አያደርጋችሁም? እኔን ያደርገኛል። ቤት ካልጠረግኩ፣ ዕቃ ካላዘዋወርኩ፣ ፀጉሬን ካልተቆረጥኩ አዲስ ዓመት የገባ አይመስለኝም። ክረምቱ ከብዶኝ የከረመ እንደሆነማ ጭራሽ ይብስብኛል። ዛሬ የማጫውታችሁ በዚሁ አመሌ የተነሳ ስላበላሸሁት ጓሮ ነው። «ደግሞ ስለ ጓሮ ምን ይወራል? ስለ ፍቅር አውሪን እንጂ!» የምትሉ አትጠፉም። ታገሱኝማ! የእህቴ የኮሌጅ ክፍያ የተቀመጠው እዚያ ጓሮ ውስጥ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የ2016 ክረምት ለእኔ ክፉ ክረምት ነበር። አዲስ አበባ የምሠራበት ሱቅ ተዘጋ። አከራዬ ኪራይ ጨመሩ። ያለኝ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩበት ወረቀትና አንዳንዴ ለጋዜጣ የምሞነጫጭራት ጽሑፍ ብቻ ነው። ጳጉሜን ላይ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ወደ ተወለድኩበት ቴፒ ተሳፈርኩ። ጅማን፣ ቦንጋን፣ ሚዛንን አልፎ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱን ሙሉ ስንዝር የማታህል ዕቅድ እንኳ አልነበረኝም።

ግቢያችን ስገባ ደነገጥኩ። አባታችን ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እማዬ ብቻዋን አልቻለችውም። ጓሮው አረም ውጦታል። የእንሰቱ ቅጠል በነፋስ ተተልትሎ ተንጠልጥሏል። ሁለት ሙዝ ተገንድሶ ወድቋል። በር ላይ የነበረው ሰርዶ በቦታ በቦታው ጠፍቶ ጭቃ ብቻ ቀርቷል። አባቴ በእጁ የተከላት አሮጌ ቡና ደግሞ ቅጠሏ ረግፎ፣ ግንዷ ሽበት መስሎ፣ ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ትንሽ ፍሬ ይዛ ቆማለች። በደህና የተያዘው ዝንጅብሉ ብቻ ነበር። እሱ የእህቴ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ኮሌጅ ልትገባ ነውና ዝንጅብሉ ሲደርስ ተሸጦ ይከፈልላታል።

በእንቁጣጣሽ ማግሥት በጠዋት ገጀራና ዶማ ይዤ ወጣሁ። ሥራዬን ማስተካከል ቢያቅተኝ ጓሮውን በአንድ ቀን ላስተካክለው!

«ገና ነው፤ መሬቱ ይተንፍስ» አለች እማዬ ከበሩ ላይ ሆና።

«እማዬ፣ መስከረም ጠባ'ኮ! ክረምት ወጣ!»

«እሱንማ ካላንደሩ ነው የሚያውቀው። ለቴፒ ማን ነገረው?»

እውነቷን ነው። አዲስ አበባ መስከረም ሲገባ ሰማዩ መጥራት ይጀምራል። ደቡብ ምዕራቡ ግን በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ በበልግ የጀመረው ዝናብ ክረምቱን ይዞ እስከ ጥቅምትና ኅዳር ሊዘልቅ ይችላል። ይህን ስሰማ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ግን ከተማ ስትከርሙ የትውልድ አገራችሁን ሰማይ ሁሉ ትረሱታላችሁ መሰለኝ።

አልሰማኋትም። በበሩ ጀመርኩ። ቦሌ አካባቢ በሰው አጥር ላይ አሾልቄ የማየው ዓይነት ልስልስ ያለ መስክ ነበር ያማረኝ። የቀረውን ሰርዶ በማጭድ እስከ አፈሩ ላጨሁት። ጭቃው ላይ ስመላለስ ዋልኩ። ጎባጣውን ለመሙላት ከጎን አፈር ቆፍሬ አመጣሁ። ማታ በኩራት አየሁት። ሌሊት ዘነበ። ጠዋት የቆፈርኩባቸው ጉድጓዶች ውኃ ሞልተው፣ የረገጥኩት ሁሉ ተጠቅጥቆ፣ ውኃው የሚሰርግበት አጥቶ ኩሬ ሆኖ ተኝቷል። እማዬ ምንም ሳትናገር ጉድጓዶቹን ስትደፍን ደረስኩባት። «ለሣሩ አይደለም፤ ለወባዋ ነው» አለችኝ። ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ እንዲህ ያለ ፀሐይ የሚያገኘው ትንሽ የውኃ ጥርቅም ላይ ነው እንቁላሏን የምትጥለው። ያ ዓመት ደግሞ ቀልድ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል፤ ከ1,100 በላይ ሰው ሞቷል። እኔ ስለ ውበት ሳስብ ለትንኝ መዋኛ ስቆፍር ነበር ማለት ነው!

ይሄ አላስተማረኝም። ሁለተኛው ቀን ወደ ቡናዋ ሄድኩ። ሞታለች ብዬ ደምድሜያለሁ። ገጀራውን እንዳነሳሁ እማዬ ከጓዳ የጮኸችው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

«አንቺ ልጅ፣ ገጀራውን አስቀምጪ!»

መጣች። ምንም አላብራራችም። በአውራ ጣቷ ጥፍር የግንዱን ልጥ ትንሽ ፋቅ አደረገችው። ከሥሩ እርጥብ አረንጓዴ ብቅ አለ። «አየሽ? በሕይወት ያለችን ለምን ትቀብሪያታለሽ? ፍሬዋ ይለቀም፣ ዝናቡም ይውጣ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።» እኔ ግንዱን ሳይሆን አባቴን ልቆርጠው የነበር መሰለኝ። እንባዬ መጣ።

ይኼኔ እንኳ ብቆም ምን አለበት? አልቆምኩም። በሦስተኛው ቀን የጎረቤታችን ጋሼ ዝንጅብላቸው ጠውልጎባቸው ሲነቅሉ አየኋቸውና «ላግዝዎት» ብዬ ዶማዬን ይዤ ሮጥኩ። ደግ ልጅ! እስከ እኩለ ቀን ቆፈርኩላቸው። ከሰዓት በኋላ በዚያው ዶማ፣ በዚያው ጭቃ በያዘ ቦቲ የእህቴን ዝንጅብል ስኮተኩት ዋልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ? እኔ ደግሞ መልቀሙንም አልቻልኩበትም።

ወር ሳይሞላ የእኛም ከታች ጀምሮ ቢጫ ሆነ። ቅጠሉ ተጠቀለለ፤ ግንዱ ተልፈሰፈሰ። ዝንጅብል አጠውልግ የሚሉት የባክቴሪያ በሽታ ነው። ቴፒ ይህን በሽታ በደንብ ታውቀዋለች፤ በ2004 ዓ.ም. እንደ ወረርሽኝ ገብቶ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ የስንቱን ገበሬ ማሳ አራቁቷል። የሚተላለፈው በታመመ ዘር፣ በአፈር፣ በሚፈስ ውኃና በእርሻ መሣሪያ ነው። አንዴ ከያዘው የሚያድን መድኃኒት የለም። ቅመማ ቅመም ላይ የሚሠራው የቴፒ ግብርና ምርምር ማዕከል አፍንጫችን ሥር ነው፤ እኔ ግን የቀበሌያችንን የግብርና ባለሙያ እንኳ አልጠየቅኩም።

ያልታመመውን ጥግ ሳይደርስ ነቅለን በወረደ ዋጋ ሸጥነው። ለኮሌጁ አልበቃም። እህቴ በዚያ መንፈቀ ዓመት ሳትመዘገብ ቀረች። ቢያንስ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። «ይሁን፣ ለሚቀጥለው» ብላ ጀርባዋን አዞረች። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም።

በዚያ ሰሞን ሚኒሶታ የምትኖር የልጅነት ጓደኛዬ ደወለች። ጉዴን ስነግራት ሳቀች፤ ግን የማላገጥ ሳቅ አልነበረም። እሷ ያለችበት አገር ክረምቱ በረዶ ነው፤ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያም በላይ የሚወርድበት ቀን አለ። መጀመሪያ ዓመት በረዶው ሲቀልጥ ግቢዋ ያለው ሣር ቡላ መስሎ አገኘችው። ሞቷል ብላ በአካፋ ልትገለብጠው ስትወጣ ጎረቤቷ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ በአጥር ላይ «ተኝቶ ነው፤ አትቀስቅሺው» አሏት። ለካ ሣር በብርድ ጊዜ ቅጠሉ ቢደርቅም አፈሩ ጋ ያለው አንገቱ በሕይወት ይቆያል። ሴትዮዋ መሬቱ እስኪጠነክር እንዳትረግጠው፣ ቁጥቋጦውንም በጥፍሯ ፋቅ አድርጋ ሳታይ እንዳትቆርጠው መከሯት። የእማዬን ምክር ቃል በቃል! የቴፒ ዝናብና የሚኒሶታ በረዶ ተገናኝተው አያውቁም፤ ሁለቱ እናቶች ግን የተማከሩ ይመስላሉ።

እናንተም እንደ እኔ መስከረም ሲጠባ እጃችሁን የሚበላችሁ ካላችሁ፣ በእህቴ መንፈቀ ዓመት የገዛሁትን ትምህርት በነፃ እነሆ፦

አንደኛ፣ ካላንደሩን ትታችሁ አፈሩን ጠይቁ። አንድ እፍኝ አፈር ዝገኑና ጨብጡት። እንደ ሊጥ ተጣብቆ ከቀረ ተመለሱና ቡናችሁን ጠጡ። ነካ ስታደርጉት ከተፈረፈረ ጊዜው ደርሷል። እርጥብ አፈር ሲረገጥ አየር የሚገባበት ክፍተት ይደፈናል፤ ሥር ደግሞ እንደ እኛው አየር ይፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ሳይዘገይ የሚሠራ ሥራም አለ። ውኃ የሚያቆር ጉድጓድ ድፈኑ፤ ቦዩን ጥረጉ፤ መግቢያና መውጫው አካባቢ የበዛውን ሣር ቀንሱ። እባብም ትንኝም እስክትዘጋጁ አይጠብቋችሁም።

ሦስተኛ፣ ሰርዶውን አትላጩት። ከቁመቱ ሢሶውን ብቻ፣ እሱንም ጠል ሲደርቅ ቁረጡ። የተራቆተውን ቦታ ሰርዶ ራሱ ሐረጉን እየዘረጋ ይሸፍነዋል። እናንተ ብቻ አትርገጡበት።

አራተኛ፣ ሞቷል ከማለታችሁ በፊት ፋቅ አድርጉ። አረንጓዴ ካለ ተስፋ አለ። ቡናን ደግሞ ፍሬዋ ሳይለቀምና ዝናቡ ሳይወጣ በስለት አትንኳት። ቡናን የሚያደርቀው በሽታ በቁስል በኩል ይገባል።

አምስተኛ፣ የታመመውን ደግሞ አትሹለሉት። የጠወለገ ዝንጅብል አጋጠማችሁ? ሥሩን ቁረጡና ንጹሕ ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥሉት። እንደ ወተት ያለ ክር እየሳበ ከወረደ በሽታው እሱ ነው። ነቅላችሁ አስወግዱ፤ ለዘር አታስቀሩ። በዚያ ቦታ ለጥቂት ዓመታት ዝንጅብልም፣ ቲማቲምም፣ ድንችም፣ በርበሬም አትትከሉ፤ በቆሎ ይሻላል።

ስድስተኛ፣ ከሰው ማሳ ስትመለሱ ዶማችሁንና ቦቲያችሁን እጠቡ፤ ስለቱንም በእሳት ለብልቡት። የእንሰት አጠውልግም የሚዛመተው በዚሁ በስለት ነው። ደግነት እንኳ ሳይታጠብ ሲገባ ቤት ያፈርሳል።

እኔ ነገሩን ሳስበው የጓሮ ብቻ አይመስለኝም። ሥራ ያጣ ሰው፣ ሐዘን የደረሰበት ሰው፣ ከፍቅረኛው የተለያየ ሰው፣ ክረምቱ በወጣ ማግሥት ሁሉን ነገር በአንድ ቀን ካልቆረጥኩ፣ ካልነቀልኩ ይላል። እኔ ጓሮውን ሳይሆን ራሴን ነበር በገጀራ ላስተካክል የተነሳሁት። የትኛው እንደተኛ፣ የትኛው እንደታመመ ሳይለዩ መቁረጥ ግን ጀግንነት አይደለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለካ ለሰነፍ ሳይሆን ለእንደ እኔ ዓይነቷ ነው!

ቡናዋስ ምን ሆነች? ፍሬዋ ተለቀመ፤ ጥር ላይ ዝናቡ ሲተወን የግብርና ባለሙያው መጣና ጎነደልናት። ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ውኃ እንዳይቋጥር በሰያፍ፣ መጋዙ ተጠርጎ በእሳት ተለብልቦ። ብዙ ቡቃያ አወጣች፤ ሦስቱን ጠንካሮች አስቀርተን ሌላውን አነሳን። ፍሬ የምትሰጠው ከ2 እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ነው ተብለናል። እንጠብቃታለን።

እህቴ በሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት ተመዘገበች። ከፊሉን እማዬ ከጎደሬና ከሙዝ ሽያጭ፣ ከፊሉን እኔ እንዲህ እየጻፍኩ ከማገኛት ከፈልን። ይቺም ጽሑፍ ብትወጣ ክፍያዋ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ያነበባችሁልኝን አመሰግናለሁ!

በ2018 እንቁጣጣሽ ማግሥት በጠዋት ተነስቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ዝንጅብሉ የነበረበት ቦታ በቆሎ ቆሟል። የቡናዋ ቡቃያ ከጉልበቴ ከፍ ብሏል። ጎንበስ አልኩና አንድ እፍኝ አፈር ዘግኜ ጨበጥኩ። እንደ ሊጥ ተጣበቀ። ከኋላዬ እህቴ «እና ምን አለሽ?» አለችኝ። «ገና ነው አለኝ» አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለዚያ ጓሮ አብረን ሳቅን። እማዬ ቡና ልታፈላ ከሰል እያቀጣጠለች ነበርና ገባን።

ቸር ይግጠመን!