ማን እንዳስገባው



በዚህ የዓመት መጽሔታችን ስለ ምርቃቱ፣ ስለ ስፖርት ቀኑና ስለ በዓሎቻችን ሌሎች ጽፈዋል። እኛ ከርዕሰ መምህር ቢሮ በኩል ስለ አንድ ኮምፒውተር ልንጽፍ ወደናል። ነገሩ የማሽን ይመስላል፤ ውስጡ ግን የልጅ ስም አለበት።

ኮምፒውተሩ በመዝገብ ቤታችን ጥግ የተቀመጠ ነው። ከኢስሊ እስከ ኪሊማኒ፣ ከልዩ ልዩ የናይሮቢ ሰፈሮች የሚመጡ ተማሪዎቻችን ውጤት፣ የወላጆች ስልክና የመኖሪያ አድራሻ እዚያ ውስጥ ነው። መረጃውን የሚይዘው ፖስትግሬስ የተባለ የመረጃ ቋት ፕሮግራም ሲሆን፣ እንደ ተጫነ ከተተወ ከራሱ ማሽን ውጭ ለማንም ጆሮ አይሰጥም። ስለዚህ በየመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ መምህራን ውጤት ለማስገባት በአንዲት ወንበር ፊት ይሰለፉ ነበር።

«ከመምህራን ክፍል ሆነን ብናስገባስ?» ሲሉን ቸኮልን። ፕሮግራሙ በሁሉም የኔትወርክ አድራሻዎቹ፣ በፖርት 5432 እንዲያዳምጥ አደረግን። ማን መግባት እንደሚችል በሚወስነው ፋይል ውስጥም አንድ መስመር ጻፍን። የመስመሩ ትርጉም «ማንም፣ በማንኛውም ስም፣ ከ0.0.0.0/0 ማለትም ከየትኛውም አድራሻ ቢመጣ፣ የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ ይግባ» የሚል ነበር። ይህ አሠራር በእንግሊዝኛ «ትረስት» ይባላል፤ እምነት ማለት ነው። መምህራኑ ሁሉ በአንድ የጋራ ስም መግባት ጀመሩ፤ ሰልፉም ቀረ። ደስ አለን።

በመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ የአንድ ስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሒሳብ ውጤት 87 ሆኖ ተገኘ። መምህርቷ ግን «እኔ የሰጠሁት 48 ነው» አለች። ልጁ ኮምፒውተር ይወዳል፤ የተማሪዎች ዋይፋይም ከቢሮው ጋር አንድ ኔትወርክ ነበር። ሌላ ማስረጃ አልፈለግንም። እናቱን ጠራን፤ ከሥራ ፈቃድ ለምነው መጡ። ልጁ «አልነካሁም» አለ። መዝገቡ የሚያሳየው የጋራውን ስም ብቻ ነው። ልጁ ንጽሕናውን የሚያሳይበት፣ እኛም እውነቱን የምናውቅበት መንገድ አልነበረም።

ከሦስት ቀን በኋላ የክፍሉ ኃላፊ መምህር የወረቀቱን ሮስተር አምጥቶ ከኮምፒውተሩ ጋር አስተያየ። የልጁና ከሥሩ ያለው ተማሪ ውጤት ቦታ ተለዋውጧል። በየስሙ ጎን ደግሞ ያስገባነውን የምንጠቁምበት የእኛው ቀይ እስክሪብቶ ምልክት አለ። የሒሳብ መምህርቷ ታማ በቀረችበት ሳምንት ውጤቱን ያስገባነው እኛው ነበርን፤ በግርግሩ ረስተነዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኛ ግን ጠርጥረን ልጅ መነጠርን።

ልጁን በክፍል ጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው፤ ወሬው እነሱ ዘንድ ደርሶ ነበርና። እናቱ «ይቅርታችሁን ተቀብያለሁ። ነገ ሌላ ልጅ ቢሆንስ?» አሉን። የሚቀጥለውን ሥራ የጀመርነው ለዚህ ጥያቄ መልስ ስናጣ ነው።

ያ ፋይል በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነው። በእያንዳንዱ መስመሩ እንዲህ ያሉ ነገሮችን ይይዛል፤ ወደ የትኛው መረጃ፣ በማን ስም፣ ከየት አድራሻ፣ በምን ማረጋገጫ። ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ያነብና የሚገጥመውን የመጀመሪያ መስመር ሲያገኝ እዚያው ይቆማል። ይህን ሳናውቅ አዲሶቹን መስመሮች ከአሮጌው ሥር ጻፍን፤ ፋይሉን እንደገና እንዲያነብም አዘዝነው። ከዚያ ከቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ብንሞክር ያለ ይለፍ ቃል ገባን! አሮጌው «እምነት» ከላይ ተቀምጦ ሁሉንም እያስገባ ስለነበረ አዲሶቹ መስመሮች ጭራሽ አልተነበቡም።

አሮጌውን መስመር ሰረዝነው። የመምህራንን ኔትወርክ ከተማሪዎች ለይተን፣ ከ192.168.10.0/24 ብቻ እንዲገባ ፈቀድን፤ ይህ 256 አድራሻዎች ያሉት አንድ ክልል ነው። ማረጋገጫውን ስክራም-ሻ-256 አደረግነው። ይህ ዘዴ በፖስትግሬስ 10ኛ እትም፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የመጣ ሲሆን የይለፍ ቃሉ ራሱ በኔትወርኩ ላይ አይተላለፍም። ለእያንዳንዱ መምህር የራሱን ስም ሰጠን። መግባትና መጻፍም ለየቅል ናቸውና፣ እያንዳንዱ በሚያስተምረው ትምህርት ብቻ እንዲጽፍ፣ የጻፈውም ሰው ስምና ሰዓት እንዲመዘገብ አደረግን።

አንድ አንጋፋ መምህር ቅር ብሏቸው «ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ አልታመንም ማለት ነው?» አሉን። የልጁን ነገር አስታወስናቸው። ሁሉም በአንድ ስም ሲገባ የአንዱ ስህተት በሁሉም ላይ ይወድቃል፤ ይበልጡንም መከላከያ በሌለው ላይ። የራሳቸው ስም የተሰጣቸው እርሳቸው ያልሠሩት እንዳይለጠፍባቸው ነው። ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲያው የይለፍ ቃሉን አሳዩኝና ልቀይረው» አሉ። ቀየሩትም፤ እኛም ፊታችንን ወደ መስኮቱ አዞርን።

የ2019ኙ የኬንያ የመረጃ ጥበቃ ሕግ የሰው የግል መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ከሕጉ በፊት ግን አድራሻቸውን አምነው የሰጡን ወላጆች አሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ የሚኖሩበት ሰፈር እንዳይታወቅ የሚፈልጉበት በቂ ምክንያት አላቸው። ያን ሁሉ ጊዜ በር ከፍተን መክረማችንን ማወቅ መብታቸው ስለሆነ እዚህ ጻፍነው።

ወላጆች ሆይ፣ የልጃችሁ ውጤት ካጠራጠራችሁ ወደ ቢሮ ኑና ማን፣ መቼ እንዳስገባው ጠይቁ። ስሙን እንነግራችኋለን፤ የእኛም ስም ሆኖ ቢገኝ።