ተቀብለውታል፣ ግን አልቆጠሩትም

ሐበሻ ቤት ውስጥ ስለ ትምህርት የሚሰጥ ምክር ዞሮ ዞሮ ነርሲንግ ላይ ያርፋል፡፡ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብላችሁ "እኔ እንኳ የምወደው ባዮሎጂ ነው" በሉ እስቲ፤ ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ሦስት ሰው የነርሲንግ መግቢያ ፈተና መጽሐፍ ሊያውሳችሁ ይነሣል፡፡ ነርሲንግን እያጣጣልኩ አይደለም (የስንቱን ቤት ኪራይ ከፍሏል፣ የስንቱን እናት ቲኬት ቆርጧል)፡፡ ግን ላብራቶሪ ገብቶ በሽታ ከሥሩ ከምን እንደሚነሣ ማጥናት የሚፈልግ ልጅም በዚሁ ምክር ኮርስ ሲመርጥ፣ ዕዳው የሚመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ርካሽ ነው፣ ለቤት ቅርብ ነው፣ ማታም ያስተምራል፡፡ የባችለር ዲግሪ 120 ክሬዲት ገደማ ይፈልጋል፤ ግማሹን እዚህ ትጨርሱና ቀሪውን ዩኒቨርሲቲ ትቀጥላላችሁ፡፡ በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው፡፡ ታዲያ በአሜሪካ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ከሚጀምሩት አሥር ተማሪዎች ስምንት ያህሉ ባችለር እንፈልጋለን እያሉ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ የሚያገኙት ከመቶ 16 ያህሉ ብቻ የሆኑት ለምንድን ነው? ስንፍና እንዳትሉኝ፡፡

አምና የአክስቴ ልጅ ትራንስክሪፕቷን ይዛ መጣች፡፡ ኤ በኤ ነው፡፡ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት፣ ስምንት ክሬዲት፡፡ ዩኒቨርሲቲው የላከላትን ወረቀት አብረን አነበብነው፡፡

"ይኸው ተቀብለውልኛል" አለችኝ ጣቷን አሳርፋ፡፡

"ተቀብለውልሻል፡፡ የት እንዳስቀመጡት ግን እዪው፡፡"

ኢሌክቲቭ ይላል፡፡ ክሬዲቱ ገብቷል፤ ለባዮሎጂ ዲግሪዋ ግን አንዲት ኮርስ አይተካላትም፡፡ ኬሚስትሪዋም ለነርሲንግ ተማሪዎች የሚሰጠው አጠር ያለው ነበር፡፡ መቀበልና መቆጠር ለየቅል ናቸው፤ ሠርግ ቤት አስገብተው ወንበር እንደመንፈግ፡፡ የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት ከ2004 እስከ 2009 ትምህርት ቤት የቀየሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 ከመቶ ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል፡፡ ይህ የሁሉም ዓይነት ዝውውር አማካይ ነው፡፡

በሳይንስ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፣ ምክንያቱም ኮርሶቹ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው፡፡ ጄኔራል ኬሚስትሪ አንድና ሁለት፣ ኦርጋኒክ አንድና ሁለት፣ ከዚያ ባዮኬሚስትሪ፡፡ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም፡፡ ሒሳቡን ከታች የጀመረ ልጅ ካልኩለስ ጋ እስኪደርስ ሌላ ዓመት ይሄድበታል፡፡ አንድ ሴሚስተር የተሳሳተ ኬሚስትሪ መውሰድ የአንድ ሴሚስተር ኪሣራ ይመስላል፤ ቀጣዩ ኮርስ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ግን ሙሉ ዓመት ይበላል፡፡

ሌላው ጣጣ ላብራቶሪ ነው፡፡ ከሞንትጎመሪ ኮሌጅ የሮክቪል ካምፓስ ብዙም ሳይርቅ፣ ቤተስዳ ላይ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋም ኤን.አይ.ኤች አለ፡፡ ልጆቻችን ዕለት ዕለት በአውቶቡስ ያልፉታል፡፡ ዩኒቨርሲቲ ከአንደኛ ዓመት የገባ ተማሪ ሦስተኛ ዓመት ሲደርስ የሚያውቀው ፕሮፌሰር፣ የሠራበት ላብራቶሪ ሊኖረው ይችላል፡፡ ከኮሚኒቲ ኮሌጅ የመጣው ግን ያን ዓመት የሚያሳልፈው ሕንፃ ሲፈልግ ነው፡፡ ራሱ ኤን.አይ.ኤች ይህን ተረድቶ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ "ብሪጅስ" በሚባል ፕሮግራም የኮሚኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎችን ሳይዛወሩ በፊት ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ሲያስገባ፣ ለሥራቸውም ሲከፍል ኖሯል፡፡ ክፍያው ዋናው ነገር ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ፓርኪንግ የሚሠራ ልጅ በነፃ ማገልገል አይችልም፡፡ በ2025 ተቋሙ ለተማሪዎች የነበሩትን በርካታ የሥልጠና ፕሮግራሞች አቋርጧል፡፡

እኔ ያጠናሁት ጋዜጠኝነት ነው፡፡ ከኬሚስትሪ ጋር የተለያየነው ገና በሃይስኩል ነው፣ በሰላም፡፡ ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት አራት አምስት ልጆች ሰብስቤ የማስተምራቸው መጠየቅን ነው፡፡ "ትቀበላላችሁ ወይ?" አትበሉ፤ "ይህ ኮርስ ከዲግሪው መስፈርቶች የትኛውን ያሟላል?" በሉ፡፡ የምትጠይቁትም የዲፓርትመንቱን አማካሪ ይሁን፡፡ መልሱን በስልክ ሳይሆን በኢሜይል አስጽፉ፡፡ የእያንዳንዱን ኮርስ ሲላበስ አትጣሉ፣ ክርክር ሲመጣ ማስረጃችሁ እሱ ነው፡፡ ሜሪላንድ ውስጥ የትኛው ኮርስ የትኛውን እንደሚተካ የሚያሳይ አርትሲስ የሚባል መፈለጊያ አለ፤ ገና በመጀመሪያው ሴሚስተር ክፈቱት፡፡ ሩቅ መሄድ የማይችል ደግሞ እዚሁ ሮክቪል፣ ሸዲ ግሮቭ ላይ፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲን የባዮሎጂ ዲግሪ መጨረስ እንደሚቻል ይወቅ፡፡ ብዙዎቹ ልጆች ይህን ሲሰሙ ይገረማሉ፤ እኔን የሚገርመኝ ማንም አለመንገሩ ነው፡፡

ከልጆቹ ይልቅ ወላጆቻቸው ይከብዳሉ፡፡ ባለፈው አንድ ታክሲ የሚነዱ አባት ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው በሩ ላይ ያዙኝ፡፡

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ ምርምር የምትሉት እንጀራ ያበላል?"

"ያበላል ጋሼ፡፡ እንደ ነርስ ቶሎ ባይሆንም ያበላል፡፡ በ270 መንገድ ዳር፣ ከሮክቪል እስከ ጌትስበርግ ያሉትን የባዮቴክ ድርጅቶች አይተው ያውቃሉ?"

"ስንቱን ሠራተኛ ከኤርፖርት አምጥቼ አራግፌበታለሁ!"

ትንሽ አሰቡና ከኪሳቸው ደረሰኝ አውጥተው ጀርባውን ዘረጉልኝ፡፡ "በይ የትኛውን ኬሚስትሪ እንደሚወስድ እዚህ ላይ ጻፊልኝ፡፡"