ወደ ቪየና ለሚሄድ ልጅ፦ የካርሎስ ክላይበርን ቀረጻዎች ስለ ማድመጥ

የኦርኬስትራ መሪው ካርሎስ ክላይበር በስቱዲዮ አስቀርጾ ለሕዝብ ያቀረባቸው ሲምፎኒዎች አምስት ብቻ ናቸው፤ የቤትሆቨን አምስተኛና ሰባተኛ፣ የሹበርት ሦስተኛና ስምንተኛ፣ የብራምስ አራተኛ። አምስቱም በቪየናው ሙዚክፌራይን አዳራሽ፣ ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር፣ ለዶይቸ ግራሞፎን ኩባንያ ከ1974 እስከ 1980 ባለው ጊዜ ተቀርጸዋል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዘመን ሌሎች ዝነኛ መሪዎች ሸክላ በሸክላ ላይ ሲደራርቡ እሱ ከሲምፎኒ ይህን ብቻ አወጣ። ለትምህርት ወደዚያች ከተማ የሚሄድ ልጅ እነዚህን ቀረጻዎች ከስንቁ ጋር እንዲይዝ አባቱ የሚመክረው ግን ብርቅ ስለሆኑ አይደለም። በውስጣቸው ያለው ድምፅ ሁሉ አስቀድሞ ታስቦበታል፤ ሲሰማ ግን ገና አሁን የፈለቀ ይመስላል። ብዙ የደከመ ሰው ብቻ የሚያገኘው ነፃነት አለ፤ እዚህ በጆሮ ይሰማል።

ክላይበር በ1930 በርሊን ውስጥ ተወለደ። አባቱ ኤሪክ ክላይበር የበርሊን መንግሥታዊ ኦፔራ የሙዚቃ ኃላፊ ነበር። ናዚዎች የአቀናባሪውን የአልባን በርግን ሙዚቃ ሲያሳድዱ ተቃውሞ በ1934 ሥራውን ለቀቀ፤ ቤተሰቡም ኋላ አርጀንቲና ገባ። ካርል የተባለው ሕፃን ካርሎስ የሆነው እዚያ ነው። ወጣቱ ዙሪክ ላይ ኬሚስትሪ መማር ጀምሮ ነበር፤ ትቶት ወደ ሙዚቃ ተመለሰ። ኤሪክ በ1953 ከአምስተርዳሙ የኮንሰርትኸባው ኦርኬስትራ ጋር ያስቀረጸው የቤትሆቨን አምስተኛ ዛሬም ከምርጦቹ ተርታ ይቆጠራል። ልጅየውም በተራው ለመጀመሪያው የሲምፎኒ ቀረጻው ያንኑ ሥራ መረጠ። ሁለቱን በአንድ ምሽት አከታትሎ የሚሰማ ሰው፣ ልጅ ከአባቱ የወሰደው ፍጥነቱን ሳይሆን ጥብቅነቱን መሆኑን ይረዳል። ድምፁ ግን የራሱ ነው፤ ይበልጥ የተሳለ፣ ይበልጥም የሚጨነቅ።

የ1974ቱ አምስተኛ ሲምፎኒ የመጀመሪያ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚመሰገነው በኃይሉ ነው። ትልቁ ነገር ግን ጸጥታው ላይ ነው። ኦርኬስትራው በሙሉ ድንገት ዝም ብሎ ኦቦ ብቻዋን የምትናገርበት አጭር ቦታ አለ፤ ክላይበር አያስቸኩላትም፤ ሐዘኑን ጨርሳ እስክትናገር ይጠብቃታል። ከሦስተኛው ክፍል ወደ አራተኛው የሚያሻግረው ድልድይም እንዲሁ ነው። ባለክር መሣሪያዎቹ ድምፃቸውን አሳንሰው ሲይዙ ቲምፓኒ ከሥር በቀስታ ያንኳኳል፤ ከዚያም ሙዚቃው በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው የተቀመጡት ትሮምቦኖች፣ ፒኮሎና ኮንትራፋጎት የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። ብዙ መሪዎች የሚዘሉትን የአራተኛውን ክፍል ድግግሞሽ ክላይበር አልዘለለም፤ በዚህም ድሉ ሙሉ ሆኗል። ይህን ክፍል ሌላ ሥራ እየሠሩ መስማት አይቻልም። ልጅ ይህን ከሌላ ምክር ሁሉ ቢያስቀድም ደግ ነው፤ ሙዚቃው ሲጀመር ስልኩ ይጠፋል፣ መጽሐፉም ይታጠፋል።

ሰባተኛው ከአምስቱ ሁሉ የመካሪው አባት ምርጫ ነው። ክላይበር አንደኛ ቫዮሊኖችን በግራው፣ ሁለተኛ ቫዮሊኖችን በቀኙ አስቀመጠ፤ አብዛኞቹ የዘመኑ መሪዎች ሁለቱንም በአንድ በኩል ይሰበስቧቸው ነበር። በማሕሌት ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ቆመው ዜማውን እንደሚቀባበሉት፣ እዚህም አንዱ ወገን የጣለውን ሌላው ያነሣዋል። በተለይ በመጨረሻው ክፍል ሁለተኞቹ ቫዮሊኖች ከቀኝ በኩል ሲመልሱ፣ በሌሎች ቀረጻዎች ከአጃቢነት የማያልፈው ድምፅ እኩል ተከራካሪ ሆኖ ይወጣል። በሁለት ድምፅ ማጉያ፣ አለዚያም በደህና ማዳመጫ መስማት ስለዚህ ያስፈልጋል፤ በስልክ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይህ ሁሉ ይጠፋል።

የዚሁ ሲምፎኒ ሁለተኛ ክፍል በ1813 ቪየና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ሕዝቡ እንዲደገም የጠየቀው ነው። ሌሎች መሪዎች ለቀብር የሚሄዱ ያህል ያዘግሙታል። ክላይበር ቤትሆቨን የጻፈው አሌግሬቶ መሆኑን አልረሳም፤ እርምጃው ሐዘን አለበት፣ ግን አይቆምም። መጨረሻው ላይ ደግሞ አንድ ልዩ ነገር አለ። ታትሞ በሚሸጠው ኖታ ቫዮሊኖቹ ወደ ቀስት ይመለሳሉ፤ ክላይበር ግን፣ አባቱ ያደርገው እንደነበረው፣ እስከ ፍጻሜው ክሩን በጣት ያስነካል። ትክክለኛው የትኛው ነው በሚለው ሊቃውንት ይከራከራሉ። ለአድማጭ ግን ውጤቱ ግልጽ ነው፤ ክፍሉ ሳይደመደም እንደተንጠለጠለ ይቀራል።

በ1978 የተቀረጹት የሹበርት ሥራዎች እኩል አይደሉም። ስምንተኛው፣ ያልተጠናቀቀው የሚባለው፣ እንደ ጣፋጭ ዜማ ለሚያውቁት ያስደነግጣል፤ ቼሎዎቹ የሚያመጡት ውብ ዜማ መሐል ላይ ሲቋረጥ የሚመጣው ጩኸት ምሕረት የለውም። ሦስተኛው ሹበርት በአሥራ ስምንት ዓመቱ የጻፈው ደስተኛ ሥራ ነው። የቀረጻው ሁለተኛ ክፍል ግን ከልክ በላይ ይሮጣል፤ አሌግሬቶው ትንፋሽ ያጥረዋል። የሚወዱትን ሰው ሥራ ጉድለት ለይቶ ማወቅ ፍቅርን አይቀንስም።

የ1980ው የብራምስ አራተኛ በዲጂታል ቀረጻ ጅማሮ የተሠራ በመሆኑ የቫዮሊኖቹ ድምፅ ትንሽ ይጠነክራል። ጆሮ ግን ቶሎ ይለምደዋል። የመጨረሻው ክፍል በስምንት የኖታ ክፋዮች የተወሰነች አንዲት አጭር ሐሳብ ላይ ሠላሳ ጊዜ የሚመላለስ ነው። ክላይበር ሠላሳውን እንደ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ይዟቸዋል፤ መሐል ላይ ፍሉት ብቻዋን ስትቀር እንኳ ክሩ አይላላም።

ከስቱዲዮ ውጭ ያሉትም መዘንጋት የለባቸውም። በ1982 ሙኒክ ላይ ከባቫሪያ መንግሥታዊ ኦርኬስትራ ጋር በሕዝብ ፊት የተቀረጸው የቤትሆቨን አራተኛ መጨረሻው ላይ ፋጎቱን ከአቅሙ ጋር ያታግለዋል፤ ነፊውም ያሸንፋል። በ1983 ከኮንሰርትኸባው ኦርኬስትራ ጋር፣ በ1991 ደግሞ ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር የተነሡ ፊልሞች አሉ። ሙዚቃን ለሚማር ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ግን በ1970 ሽቱትጋርት ውስጥ የተቀረጸው የልምምድ ፊልም ነው። ክላይበር እዚያ የሁለት ኦፔራዎችን መግቢያ ሲያለማምድ ለተጫዋቾቹ ምሳሌ እየሰጠ፣ እየለመነ፣ አንዱን ሐረግ ደጋግሞ እያስመለሰ ይታያል። ከላይ የተነገረው ነፃነት በምን ዋጋ እንደሚገዛ እዚያ በዓይን ይታያል።

በቅደም ተከተል፣ አምስተኛውን ከሰባተኛው ማስቀደም፣ ብራምስን ደግሞ እነዚህ ሁለቱ በደንብ ከተለመዱ በኋላ መስማት ይሻላል። አንዱን ቀረጻ በሳምንት ውስጥ ደጋግሞ መስማት አምስቱንም በአንድ ቀን ከመጨረስ ይበልጣል። ሙዚክፌራይን አዳራሽ በዝቅተኛ ዋጋ የሚገባበት የቁም ቦታ አለው፤ ተማሪ ገንዘቡ ቢያንስም ቀረጻዎቹ የተሠሩበትን አዳራሽ ድምፅ በገዛ ጆሮው ሰምቶ ቤቱ ካለው ሲዲ ጋር ማስተያየት ይችላል።