አጋዘኑ የት ገባ?

ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የያዝነው «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት» የሚለውን ነው። ከተመረቅን ወዲህ እነዚህን ጥያቄዎች ለአሮጌ የሳይክል ዕቃም እናቀርባለን። (አትሳቁ! ብረት ከባለሥልጣን የተሻለ ይመልሳል።)

ማውንቴን ሳይክል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ፣ ማሪን አካባቢ ሲጀመር የራሱ ዕቃ አልነበረውም። የፍሬን እጀታው ከሞተር ሳይክል፣ ማርሹ ከረጅም መንገድ ሳይክል እየተለቀመ ነበር የሚገጠምለት። የጃፓኑ ሺማኖ በ1982 ለማውንቴን ብሎ ዲኦሬ ኤክስቲን ሲያወጣ፣ የኋላ ማርሽ መቀየሪያው ላይ ቀንዳም የአጋዘን ራስ አኖረበት። 

በ1987 አዲሱ ኤክስቲ ሲመጣ አጋዘኑ የለም። በምትኩ የእጅ ማርሹ ላይ «ኤስ.አይ.ኤስ» የሚል ተጻፈ። አንድ ጊዜ «ቀጭ» ሲል አንድ ማርሽ ይቀየራል ማለት ነው። ግን እጀታው፣ ገመዱና የኋላ ጥርሱ ሁሉ የሚስማሙ መሆን አለባቸው። ቀጥሎ ሰንሰለቱና ጥርሱ ላይ «ኤች.ጂ»፣ ከዚያ «አይ.ጂ» መጣ። አጋዘኑ ማን እንደሆነ ይነግረን ነበር፤ ፊደሎቹ ከማን ጋር እንደሚስማሙ ይነግሩናል። ጠቃሚ ነው፣ አንክድም። ግን «ሌላውንም ከእኔው ግዙ» የሚል ድምፅም ይሰማናል።

ሰንቱር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በዘመኑ የሺማኖ ተፎካካሪ የነበረው ኩባንያ በ1980ዎቹ መጨረሻ ተሸጠ፤ ዛሬ የፊት አሞርዛተር ላይ የምታዩት ስም ከፊቱ «ኤስ.አር» ጨምሯል። ስሙ ያው፣ ቤቱ ሌላ።

«መቼ» የሚለውን ግን ጀርባው ነው የሚመልሰው። ሺማኖ ከዕቃው ኋላ ሁለት ፊደል ይመታል፤ የመጀመሪያው ዓመቱን፣ ሁለተኛው ወሩን ያሳያል። «ኤ» 1976 ነው። ፊደሉ 2001 ላይ አለቀና በ2002 እንደገና ከ«ኤ» ተጀመረ።

አንድ ጓደኛችን አጎቱ ከአሜሪካ ያመጣለትን የኋላ መቀየሪያ ሊሸጥ፣ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ሊፈገፍገው ሲል እጁን ያዝነው። ገልብጠን አየን፤ «ኤች ዲ» ይላል። ኤፕሪል ነው፤ ግን የ1983 ወይስ የ2009? የሚለየው ፊቱ ላይ ያለው ያ የደበዘዘ አጋዘን ነው። እሱ ከተፋቀ ሃያ ስድስት ዓመት አብሮ ይፋቃል።

«ገዢ የሚፈልገው የሚያብረቀርቅ ነው» አለን። «ያ ገዢ ይቅር፣ ሌላ ይመጣል» አልነው።

እስካሁን አልመጣም።