አምስት ወይስ ዜሮ?

ዲስከስ የሚባለውን ዓሣ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ በአጭሩ እናስተዋውቃችሁ። ከጎኑ ሲያዩት እንደ ሳህን ክብ ነው፤ ፊቱን ወደ እናንተ ሲያዞር ደግሞ እንደ ደብተር ይቀጥናል። አገሩ የአማዞን ወንዝ ነው። ሄከል የተባለ ኦስትሪያዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1840 ሳይንሳዊ ስም አወጣለት። ሲያድግ ከ15 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች «የአኳሪየም ንጉሥ» ይሉታል። ንጉሥ ደግሞ፣ መቼም ታውቃላችሁ፣ ወጪ አለው።

እኛ አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አብረን የምንኖር ሦስት ጓደኛሞች ነን። ያገለገለ የመስታወት ገንዳ ገዛን። ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 40፣ ከፍታው 50 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤታችን ፖለቲካ አንድ ጥያቄ ብቻ ሆነ፦ ስንት ዓሣ?

አንዱ «ሁለት ይበቃል፣ ባልና ሚስት» አለ። ኖኅም ቢሆን በዚህ ይስማማ ነበር። ችግሩ የዲስከስ ወንድና ሴት በዓይን አይለዩም፤ በተለይ ገና ትንንሽ ሳሉ። ሌላው «አሥር! ቤቱ ይድመቅ» አለ። ሦስተኛው ምንም ሳይናገር ካልኩሌተር አወጣ።

ገንዳው እስከ አፉ ቢሞላ 240 ሊትር ይይዛል። እስከ አፉ ግን አይሞላም። ከላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ስንተው 216 ሊትር ይቀራል። ለአንድ ያደገ ዲስከስ የተለመደው ልክ 40 ሊትር ገደማ ነው። ስናካፍለው አምስት ነጥብ አራት መጣ። ነጥብ አራት ዓሣ ስለማይሸጥ ጣሪያው አምስት ሆነ።

«እሺ፣ ሦስት ብንገዛስ?» ትሉ ይሆናል። እኛም ብለን ነበር። ዲስከስ ግን በመንጋ የሚኖር፣ በመንጋው ውስጥም አለቃና ምንዝር ያለው ዓሣ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሲሆኑ ጉልበተኛው ደካማውን ብቻ ሲያሳድድ ይውላል። ደካማው ጥግ ይይዛል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ መብላት ያቆማል። አምስትና ስድስት ሲሆኑ ግን ዱላው ይከፋፈላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እዚህም ይሠራል። ስለዚህ ወለሉም አምስት ሆነ። ጣሪያውና ወለሉ እንዲህ ሲገጥሙ ለድርድር ቦታ የለም።

በሒሳቡ ጨርሰን ነበር፤ ኑሮው ግን ገና ነበር። ዲስከስ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ የሚሞቅ ውሃ ይፈልጋል። የአዲስ አበባ ሌሊት በኅዳርና በታኅሣሥ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያውም ይጠፋል። ለዚህ መፍትሔያችን ጋቢ ነው፤ ገንዳውን እንደ ሕፃን እንጠቀልለዋለን። ደግነቱ ብዙ ውሃ ቶሎ አይቀዘቅዝም።

ከባዱ ውሃው ራሱ ነው። ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣው አሞኒያ እንዳይገድላቸው ማጣሪያው ውስጥ ባክቴሪያዎች መራባት አለባቸው። ይህ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ያን ጊዜ ሁሉ ባዶውን ገንዳ፣ ትንሽ የዓሣ ምግብ ጣል እያደረግን፣ ዓሣ እንዳለበት አድርገን ያዝነው። በየቅዳሜው ሲሶውን፣ 72 ሊትር ገደማ፣ ቀየርን። ይህ በባለ 20ው ጄሪካን አራት ለመሙላት ጥቂት ይጎድለዋል። ክሎሪኑ እንዲለቅ ውሃው አንድ ቀን ማደር አለበት። እኛ ጋ ደግሞ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው።

አንድ ሳምንት ጭራሽ ሳይመጣ ቀረ። የቀረን ባለ 200 ሊትሩ በርሜል ብቻ ነበር። ታች ቤት ያሉት እማማ ጄሪካኖቹን አይተው፣ «ልጆቼ፣ ሰው ሳይጠጣ ዓሣ ይጠጣል?» አሉን። ቀልድ አልነበረም፤ እኛም አልሳቅንም። ያን ቀን ማታ ቁጭ ብለን እንደገና ቆጠርን። አሥር ዓሣ ቢኖረን በሳምንት ሁለቴ መቀየር ይኖርብናል፤ አብዛኛው የበርሜሉ ውሃ ያልቃል። በአምስት ዓሣ ግን ከበርሜሉ ከግማሽ በላይ ይተርፋል። ከገንዳው የሚወጣውም ውሃ አይደፋም። ሽንት ቤት እናወርድበታለን፣ ወለል እንወለውልበታለን፣ የእማማንም ጽጌረዳ እናጠጣበታለን። ለተክል ማዳበሪያ ነው።

ከዚህ የገባን ነገር ቢኖር፣ ቁጥሩን የሚወስነው መስታወቱ ብቻ አለመሆኑ ነው። በክፉው ሳምንት መሸከም የማትችሉትን በደጉ ሳምንት አትግዙ። ነፍስ ያለው ነገር «ውሃ እስኪመጣ ጠብቅ» አይባልም። ለዚህ ነው ድምፅ ስንሰጥ ዜሮን ከምርጫው ያላወጣነው። አምስት መያዝ ለማይችል ሰው፣ ከሦስት የተጨነቁ ዓሣዎች ዜሮ ይሻላል።

አምስት አሸነፈ፤ ሁለት ለአንድ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጄሪካን አራተኛ ፎቅ የሚያወጣው «አሥር» ያለው ልጅ ነው። እስካሁን ስድስተኛ ይጨመር ሲል አልሰማነውም።